ዘሩ ወይስ ማሳው? የቆዳ ማይክሮባዮም በቆዳ ሕክምና ውስጥ ያለው ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የሚገኙ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች በአንድ አስቸጋሪ ባክቴሪያ ተወጥረው ነበር። ፔኒሲሊን የማይበግረውና በባለሙያዎች ዘንድ «80/81» በሚል መለያ የሚታወቀው የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ንዑስ ዝርያ ከተንከባካቢዎች እጅ ወደ ጨቅላዎቹ እየተላለፈ የቆዳ መግልና ብጉንጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ሕመም ያስከትል ነበር። ሄንሪ ሺንፊልድ፣ ሃይንዝ አይከንዋልድና ባልደረቦቻቸው ያመጡት መላ ዛሬም ሲሰሙት ያስደነግጣል። «502ኤ» የተባለውን፣ ጉዳቱ አነስተኛ ነው ብለው የመረጡትን ሌላ የኦሪየስ ንዑስ ዝርያ ወስደው ገና በተወለዱ ሕፃናት አፍንጫና እትብት ላይ ሆን ብለው አኖሩት። ቀድሞ ቦታ የያዘ ለኋላ መጤ ስፍራ አይለቅም የሚል ስሌት ነበር።

ስሌቱ ያዘ። ሰላማዊው ባክቴሪያ በሰፈረባቸው ሕፃናት ላይ አደገኛው መስፈር አቃተው፤ ዘዴውም ብጉንጅ እየተመላለሰ ለሚያሠቃያቸው ትልልቅ ሰዎች ጭምር ተሞከረ። ይሁን እንጂ ውሎ አድሮ «ሰላማዊ» የተባለው ባክቴሪያም በጥቂት ሰዎች ላይ ቁስለትና መግል ማምጣቱ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ 502ኤ ወደ ደሙ ገብቶ አንድ ጨቅላ ሕፃን መሞቱ በሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። በዚያ ላይ ፔኒሲሊን የማይገታቸውን የሚገቱ አዳዲስ መድኃኒቶች ተገኝተው፣ የ80/81 ወረርሽኝም ረግቦ ስለነበር፣ ጤነኛ ሰው ላይ ባክቴሪያ የመዝራት ሐሳብ ወደ መዝገብ ቤት ገባ።

ከመዝገብ ቤት የወጣው በዚህ በያዝነው ምዕተ ዓመት ነው፤ አሁን የሚጠራውም «የማይክሮባዮም ሕክምና» በሚል ስም ነው፤ ማይክሮባዮም ማለት በአንድ የሰውነት ክፍል የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ኅብረተሰብ ነው። ቆዳ ላይ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ለችፌ፣ ለብጉርና ለማይድን ቁስል መድኃኒት ይሆናሉ የሚለው ተስፋ በምርምር ቤቶችም በመዋቢያ ዕቃ ማስታወቂያዎችም ይሰማል። ተስፋው መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን እስካሁን በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ከማስታወቂያው የተለየ ነገር ይናገራሉ፤ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም በዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ነዋሪዎቹን እንወቅ። የአዋቂ ሰው ቆዳ ሲዘረጋ ሁለት ካሬ ሜትር ያህላል ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል። ይህ ግን ላዩን ብቻ የለካ ቁጥር ነው፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቁት የፀጉር ሥሮችና የእጢ ቀዳዳዎች ግድግዳ ሲታከልበት ለረቂቅ ተሕዋስያን የተከፈተው ስፋት ወደ 25 ካሬ ሜትር እንደሚደርስ ተሰልቷል። በአፍንጫ ክንፍ ላይ ከሚታዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አንዷን በማጉያ መነጽር እንመልከት። አፏ አጠገብ አየር አለ፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ ወዙ እየወፈረ ይሄዳል። በዚህ አየር አልባ የወዝ ጉድጓድ ውስጥ ተደላድሎ የሚኖረው ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ወዙን ፈጭቶ የቅባት አሲድ ያወጣል፣ አሲዱም ቆዳን መጣጣ በማድረግ ብዙ እንግዶችን ያባርራል። በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ማላሴዚያ የተባለ፣ ቅባትን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከእኛ ወዝ የሚበደር ፈንገስ፣ እንዲሁም ዴሞዴክስ የተባሉ በዓይን የማይታዩ ባለ ስምንት እግር ተባዮች ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ጤናማ ፊት ላይ ያሉ ናቸው።

ከፊት ራቅ ሲባል ነዋሪዎቹም ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤሊዛቤት ግራይስ፣ ጁሊያ ሴግሬና ባልደረቦቻቸው ከአሥር ጤነኛ ሰዎች፣ ከእያንዳንዳቸው ሃያ የሰውነት ቦታ ናሙና ወስደው የባክቴሪያዎቹን ዘረመል ሲያነቡ፣ የአንድ ሰው ብብት ከገዛ ክንዱ ይልቅ ከሌላ ሰው ብብት ጋር እንደሚቀራረብ ታየ። ወዛም፣ እርጥብና ደረቅ የሆኑት ቦታዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኅብረተሰብ አላቸው፤ በግንባርና በጀርባ ኩቲባክቴሪየም ሲበዛ፣ በብብት፣ በክርን ውስጠኛ እጥፋትና በጣቶች መካከል ስታፊሎኮከስና ኮሪኔባክቴሪየም ይበዛሉ። ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የተገኘው፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት ብብት ላይ ሳይሆን፣ ደረቁ ክንድ ላይ ነበር። ፈንገሶችን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ የእግርን ተረከዝ አስቀድሞ ሰማንያ ገደማ ዓይነት ቆጥሮበታል፤ የእግር ጭርት ለምን እንደሚመላለስ የሚያስገርመው ሰው ካለ መልሱ በከፊል እዚያ ነው።

ለሕክምናው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሌላ ግኝት ነው። ያው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ የአንድ ጤነኛ ሰው የቆዳ ነዋሪዎች ከወራትና ከዓመታት በኋላ ሲመረመሩ፣ በየቀኑ ቢታጠቡም፣ ልብስ ቢቀያየርም፣ ከሰው ጋር ንክኪ ቢበዛም፣ በአብዛኛው እነዚያው ሆነው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ንዑስ ዝርያዎች ይዞ ይዞራል። ይህ መርጋት ለጤነኛው በረከት ሲሆን ለሐኪሙ ግን ፈተና ነው፤ በታጠበ ቁጥር ራሱን መልሶ የሚተካ ኅብረተሰብ አዲስ ሰፋሪ ቢመጣበትም በቀላሉ አይነቃነቅምና።

ነዋሪዎቹ ዝም ብለው ቦታ ከመያዝ ያለፈ ሥራ እንዳላቸው የሚያሳዩት ማስረጃዎች ግን ጥሩ ናቸው። በጀርመን ቱቢንገን የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰው አፍንጫ ያገኙት ስታፊሎኮከስ ሉግዱነንሲስ የተባለ ባክቴሪያ ሉግዱኒን የተባለ አንቲባዮቲክ እንደሚያመርትና ኦሪየስን እንደሚገድል አሳይተዋል። ከሰዎች መካከል ሠላሳ በመቶ የሚሆኑት ኦሪየስን በአፍንጫቸው ይዘው የሚኖሩ ናቸውና አፍንጫ ውስጥ የሚደረገው ይህ ጦርነት ተራ ነገር አይደለም። ሁላችንም ቆዳ ላይ በብዛት የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስም አንዳንድ ንዑስ ዝርያው ኦሪየስ የሚጠለልበትን ዝልግልግ ሽፋን የሚበላ ኢንዛይም ያወጣል፤ ይህንን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2010 የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው። ከሁሉ የሚያስደምመው ግን ስለ ዕድሜ የተገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአይጥ ጥናት እንደሚለው፣ ኤፒደርሚዲስ በተወለዱበት የመጀመሪያ ሳምንት ቆዳቸው ላይ የሰፈረባቸው አይጦች የመከላከያ ሥርዓታቸው ባክቴሪያውን «የቤት ሰው ነው» ብሎ ይለምደዋል፤ አድገው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኙት አይጦች ግን ቆዳቸው ይቆጣል። መተዋወቂያው መስኮት በጊዜ የሚዘጋ ይመስላል። የአይጥ ቆዳ ከሰው ቆዳ የተለየ መሆኑን መርሳት ባይገባም፣ የቆዳ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነት የሚጀምርበትን ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ይህ ችላ የሚባል ፍንጭ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ የተጋነነ ዜና የሚወለደው መሣሪያው ምን እንደሚለካ ካለማወቅ ነውና። ተመራማሪው በጨው ውኃ የረጠበ የጥጥ ዘንግ ይዞ የክርንን እጥፋት ለጥቂት ሰከንዶች ያሻል፤ ከጥጡ ላይ ዲ.ኤን.ኤ. ይወጣል፣ ይነበባል፣ ከተመዘገበ ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። ችግሩ ዲ.ኤን.ኤ. የሞተውንና በሕይወት ያለውን አለመለየቱ ነው። ቆዳ ላይ ያለው የባክቴሪያ መጠን ከአንጀት ጋር ሲወዳደር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከጓንት፣ ከመመርመሪያ ኬሚካል ወይም ከአየር የገባ ባዕድ ዲ.ኤን.ኤ. ውጤቱን ሊያበላሸው ይችላል። ጥጡ የሚያነሣው የላዩን ነው፤ ከወዝ ጉድጓዱ በታች ያለውን አይደርስበትም። በዚህም ላይ ርካሹ የምርመራ ዓይነት የሚነግረን የወገኑን ስም እንጂ የግለሰቡን ጠባይ አይደለም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በብጉር ላይ በግልጽ ታይቷል። ኩቲባክቴሪየም አክኔስ ለብዙ ዘመን የብጉር ጥፋተኛ ተብሎ ሲከሰስ የኖረ ባክቴሪያ ነው፤ ስሙም ቢሆን ከብጉር የተወሰደ ነው። በሎስ አንጀለስ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 49 ብጉር ያለባቸውንና 52 የሌለባቸውን ሰዎች ወስዶ፣ አፍንጫ ላይ ተለጥፎ በሚነቀለው የቀዳዳ ማጽጃ ወረቀት ከወዝ ጉድጓዳቸው ይዘቱን አወጣ። የባክቴሪያው ብዛት በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ነበር! የተለያየው ንዑስ ዝርያው ነው፤ አንዳንዶቹ ብጉር ባለባቸው ላይ ሲበዙ፣ አንደኛው ደግሞ በአብዛኛው የጠራ ቆዳ ባላቸው ላይ ተገኘ። እንግዲህ አንድ የምርመራ ድርጅት «በቆዳዎ ላይ ይህን ያህል በመቶ ኩቲባክቴሪየም አለ» የሚል ወረቀት ቢሰጥ፣ ያ ቁጥር ስለ ብጉር የሚናገረው ነገር ከሞላ ጎደል ባዶ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ችፌ እንለፍ። በሕክምናው ቋንቋ አቶፒክ ደርማታይተስ የሚባለው የችፌ ዓይነት በልጆች ክርንና ጉልበት እጥፋት ላይ ቆዳውን አድርቆ፣ አቅልቶ፣ በማሳከክ እንቅልፍ የሚነሣ በሽታ ነው። ሌሊት የሚያክ ልጅ ጥፍር ቆዳውን ይልጣል፤ በተላጠው በኩል ኦሪየስ ይገባል፤ ኦሪየስ የሚያወጣው መርዝ ደግሞ ማሳከኩን ያብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በልጆች ላይ እንዳሳየው፣ ችፌው ከመባባሱ ጋር የቆዳው ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች ተመናምነው ኦሪየስ ብቻውን ይነግሣል፤ ሕመሙ ሲበርድ ሌሎቹ ይመለሳሉ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ ግምገማ ደግሞ ኦሪየስ በሰባ በመቶ ሕሙማን የታመመ ቆዳ ላይ እንደሚገኝ አስልቷል። በአይጥ ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም የኦሪየስ ዴልታ መርዝ በቆዳ ውስጥ ያሉትን የአለርጂ ሕዋሳት እንደሚያፈነዳ፣ ከጠና ሕመምተኛ የተወሰደ የኦሪየስ ንዑስ ዝርያም ጤነኛ አይጥን ብቻውን ችፌ መሰል መቆጣት እንደሚያስይዝ አሳይተዋል።

ክሱ የተሟላ ይመስላል። ሆኖም በሌላው ወገን ያለውም ማስረጃ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊላግሪን የተባለው የቆዳ ፕሮቲን ዘረመል ሲበላሽ ለችፌ እንደሚያጋልጥ ታወቀ፤ ከአውሮፓውያን አሥር በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይህን ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ጉድለቱ ብዙም አይገኝም። ፊላግሪን ሁለት ሥራ አለው፤ የቆዳን የላይኛ ሽፋን ያጠነክራል፣ ሲፈራርስ ደግሞ እርጥበት የሚይዙና ቆዳን መጣጣ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ይሰጣል። እርሱ ሲጎድል ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ መጣጣነቱም ይቀንሳል፤ ይህ ደግሞ ኦሪየስ የሚመኘው መሬት ነው። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ዱፒሉማብ ባክቴሪያን በቀጥታ የማይነካ፣ የሰውነትን የአለርጂ መልእክት ብቻ የሚያፍን መርፌ ሆኖ ሳለ፣ በታከሙት ሰዎች ቆዳ ላይ ኦሪየስ ቀነሰ፣ የሌሎቹም ልዩ ልዩነት ተመለሰ። ማንም አንቲባዮቲክ አልቀባቸውም፤ ማንም ጥሩ ባክቴሪያ አልዘራባቸውም። ማሳው ሲታከም አረሙ ራሱ ሣሣ።

ታዲያ አረሙን ብቻ መንቀል ምን ያመጣል? ይህ በተደጋጋሚ ተሞክሯል፣ መልሱም አያስደስትም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ በችፌ ላይ ኦሪየስን ለመቀነስ የተደረጉ 41 ጥናቶችን መርምሮ፣ አንቲባዮቲክም ሆነ ፀረ ተሕዋስያን መታጠቢያ ለሕመምተኛው ትርጉም ያለው ጥቅም እንደሚሰጥ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ኦሪየስን ለይቶ የሚገድል ኢንዛይም በክሬም መልክ ተዘጋጅቶ ሲሞከር መቆጣትን የሚያበርደውን የተለመደውን የስቴሮይድ ቅባት ፍላጎት አልቀነሰም። ኦሚጋናን የተባለ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ የቆዳውን ባክቴሪያ ወደ ጤነኛው አቀራርቦ ሳለ፣ የሕመሙን ምልክት ግን ንቅንቅ አላደረገውም። ይህ የመጨረሻው ውጤት ከሌሎቹ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ይመስለኛል፤ «ማይክሮባዮሙ ተስተካከለ» የሚለው ዐረፍተ ነገር «በሽተኛው ተሻለው» ከሚለው ጋር አንድ እንዳልሆነ በአንድ ሙከራ ውስጥ አሳይቶናልና። በቁስል ላይ መግል ሲታይ አንቲባዮቲክ ማስፈለጉ በዚህ አይሻርም፤ ያ ኢንፌክሽን ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው።

መግደሉ ካልሆነ መዝራቱስ? በሳን ዲዬጎ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሪቻርድ ጋሎ ቡድን ያደረገው ሥራ ለዚህ የተሻለው ምሳሌ ነው። ከሰው ቆዳ የተወሰዱ ስታፊሎኮከሶችን አንድ በአንድ ኦሪየስ በተዘራበት ሰሃን ላይ ያስቀምጣሉ። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም፤ ጥቂቶቹ ግን በዙሪያቸው የጠራ ክብ ይታያል፤ ኦሪየስ ያልበቀለበት ቀለበት ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ገዳዮች በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ በርከት ብለው ሲገኙ በችፌ ሕሙማን ላይ ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከአምስት ሕሙማን ከእያንዳንዳቸው የገዛ ራሳቸውን ገዳይ ባክቴሪያ ለቅመው፣ አራብተው፣ በቅባት አድርገው መልሰው ክንዳቸው ላይ ቀቡት፤ በተቀባው ክንድ ላይ ኦሪየስ በግልጽ ቀነሰ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ።

ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ባክቴሪያ ማርባት ግን መድኃኒት ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ከገዳዮቹ መካከል «ኤ9» የተባለውን አንድ የስታፊሎኮከስ ሆሚኒስ ንዑስ ዝርያ መርጠው በ54 አዋቂዎች ላይ ለአንድ ሳምንት ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት እንዲህ ነበር፦ ደኅንነቱ አጥጋቢ ሆነ፣ ኦሪየስ ቀነሰ፤ የችፌው መሻል ግን በአጠቃላይ ሲታይ ባዶ ቅባት ከተቀቡት ሰዎች በስሌት የሚለይ አልሆነም። መሻሻል የታየው የያዙት ኦሪየስ በኤ9 ሊገደል የሚችል ዓይነት በሆነባቸው ሕሙማን ላይ ነው። እንደገና የንዑስ ዝርያው ጉዳይ መጣ፤ ገዳዩ ብቻ ሳይሆን ተገዳዩም ማንነቱ መታወቅ አለበት። ሳምንት ለችፌ አጭር ጊዜ መሆኑም አይካድም።

ሁለተኛው መንገድ የኢያን ማይልስ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የአለርጂና የተላላፊ በሽታዎች ተቋም የሚሠሩት እኚህ ሐኪም ከጤነኛ ሰዎች ቆዳ ሮዚዮሞናስ ሙኮሳ የተባለውን ባክቴሪያ ወስደው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሥራ በአሥር አዋቂዎችና በአምስት ልጆች ላይ እየረጩ አብዛኞቹ እንደተሻላቸው፣ የስቴሮይድ አጠቃቀማቸውም እንደቀነሰ አስታወቁ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ግን ሙከራው ማነጻጸሪያ አልነበረውም፤ ሁሉም የሚረጨው መድኃኒቱ እንደሆነ ያውቅ ነበር። በዚሁ ባክቴሪያ ላይ የተመሠረተ መድኃኒት በአንድ ኩባንያ ተዘጋጅቶ፣ ማን መድኃኒቱን ማን ማስመሰያውን እንደያዘ በማይታወቅበት ሰፋ ያለ ሙከራ ሲፈተን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም ላይ ውጤቱ ተገለጸ። ችፌያቸው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰላቸው መድኃኒቱን ከተረጩት 58 በመቶ፣ ማስመሰያውን ከተረጩት 60 በመቶ ነበሩ።

ይህንን የ60 በመቶ ቁጥር ላፍታ ቆም ብለን እንየው። ባክቴሪያ የሌለበት ፈሳሽ ከተረጩት አሥር ሰዎች ስድስቱ በግማሽ ተሻላቸው ማለት ነው። ችፌ የሚነሣና የሚበርድ በሽታ ነው፤ ሰው ወደ ሙከራ የሚገባው ሲብስበት ስለሆነ ቀጣዩ ወር ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሆናል። በዚያ ላይ በሙከራ ውስጥ ያለ ሰው ቆዳውን ከወትሮው በበለጠ ይንከባከባል። እንግዲህ «ተጠቅሜው ሻረልኝ» የሚለው ምስክርነት፣ ተናጋሪው ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ፣ ስለ ችፌ መድኃኒት ሲሆን እጅግ ደካማ ማስረጃ ነው።

ሁሉም ሙከራ ከሽፏል ማለት ግን አይደለም። አሞኒያን የሚመገብ፣ በአፈርና በውኃ የሚገኝ ናይትሮሶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ በሚረጭ መልክ ተዘጋጅቶ ከ500 በላይ አዋቂዎች በተሳተፉበት ሙከራ ማሳከክን ከማስመሰያው በበለጠ ቀንሷል። ልዩነቱ ግዙፍ ባይሆንም በሥርዓቱ የተለካ ነው፤ የሚያስገርመውም ባክቴሪያው ከመጀመሪያው የሰው ቆዳ ነዋሪ አለመሆኑ ነው። ምናልባት መስፈሩ አላስፈለገው ይሆናል፤ በሚያልፍበት የሚተወው ናይትሪክ ኦክሳይድ የመሰለ ንጥረ ነገር ሥራውን ይሠራል የሚለው ማብራሪያ ለእኔ ከ«ኅብረተሰብ መልሶ መገንባት» ከሚለው ይልቅ የሚታመን ነው።

ስለ ሌሎቹ በሽታዎች በአጭሩ። ፎረፎርና ቋቁቻ የማላሴዚያ ሥራ እንደሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ ፀረ ፈንገስ ሻምፖው ይሠራል፣ ሲቆም ፈንገሱ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ወዙ አልተቋረጠበትም። ሮዛሺያ በተባለው የፊት መቅላት ዴሞዴክስ ይበዛል፤ የአይቨርሜክቲን ክሬምም ለዚሁ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአሜሪካ ተፈቅዷል። በብጉር ላይ ለአሥርት ዓመታት የተቀቡት ኤሪትሮማይሲንና ክሊንዳማይሲን ደግሞ መድኃኒት የለመዱ ኩቲባክቴሪየሞችን በብዛት አፍርተዋል፤ ከእነርሱም አልፎ አጠገባቸው ያሉት ስታፊሎኮከሶች ጭምር ለምደዋል። የሕክምና መመሪያዎች አንቲባዮቲክ ቅባት ብቻውን አይሰጥ፣ ባክቴሪያ ሊለምደው ከማይችለው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ይሁን የሚሉት ለዚህ ነው። እስካሁን ለከባድ ብጉር ከተገኙት ሁሉ ብርቱ የሆነው አይሶትሬቲኖይን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ሲፈቀድ ጀምሮ፣ ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት ሆኖ አያውቅም፤ ወዙን ያደርቃል፣ ባክቴሪያውም ምግቡን ያጣል። ይህም ያው የማሳው ታሪክ ነው።

በመደብር መደርደሪያ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። «ፕሮባዮቲክ ክሬም» (ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ አለበት ለማለት)፣ «ለማይክሮባዮም ተስማሚ»፣ «የቆዳዎን ሚዛን የሚመልስ» የሚሉት ጽሑፎች በዝተዋል። አንድ ቀላል ጥያቄ እናንሣ። ክሬም ለወራት ሳይበላሽ የሚቆየው ባክቴሪያ እንዳያድግበት የሚከለክል ማቆያ ስለተጨመረበት ነው፤ በመዋቢያ ዕቃ ደረጃዎችም በአንድ ግራም ውስጥ ሊገኝ የሚችለው የተሕዋስያን ብዛት በጥብቅ የተገደበ ነው። በእንዲህ ዓይነት ክሬም ውስጥ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ እንዴት ይቆያል? አይቆይም። በአብዛኞቹ ውስጥ ያለው የተፈጨ ባክቴሪያ፣ የመፍላት ሂደት ተረፈ ፈሳሽ፣ ወይም ባክቴሪያን ይመግባል የሚባል ስኳር ነው። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ቪትሪዮሲላ ፊሊፎርሚስ የተባለው የፍል ውኃ ባክቴሪያ ተፈጭቶ በክሬም ሲቀባ ችፌን እንደቀነሰ በ75 ሰዎች ላይ ማነጻጸሪያ ባለው ሙከራ ታይቷል። ይሁንና የሞተ ባክቴሪያ ቁራጭ የመከላከያ ሥርዓቱን ሊያረጋጋ ይችላል እንጂ አይሰፍርም፣ አይራባም፣ ኦሪየስንም አያባርርም። «ለማይክሮባዮም ተስማሚ» የሚለው ሐረግ ደግሞ በሕግ የተወሰነ ትርጉም ስለሌለው ማንም እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላል።

የችፌ ልጅ ያላቸው ወላጆች በዚህ መሐል የሚጠይቁት ምን እንቀባው የሚለውን ነው። የዛሬው መልስ አሰልቺ ቢሆንም ግልጽ ነው፦ ሽታ የሌለው የቆዳ ማለስለሻ ቅባት በየቀኑ፣ ከአልካላይን ሳሙና መራቅ፣ ሲቀላና ሲያሳክክ ደግሞ ሐኪም ያዘዘው የስቴሮይድ ቅባት በታዘዘው ልክ። ስቴሮይድ ማይክሮባዮምን ይገድላል የሚል ወሬ ይሰማል፤ በእውነቱ ግን መቆጣቱ ሲበርድ ኦሪየስ ቀንሶ ሌሎቹ የሚመለሱ መሆናቸው በእነዚሁ የተለመዱ ሕክምናዎችም ታይቷል። ወላጁ ስቴሮይዱን ፈርቶ በ«ፕሮባዮቲክ» ክሬም ቢተካው ልጁን ለተጨማሪ ሌሊቶች ማሳከክ፣ ቆዳውንም ለተጨማሪ ኦሪየስ ይዳርገዋል። ማይክሮባዮምን በመጠበቅ ስም ማይክሮባዮሙን ማበላሸት ይኸው ነው።

ምርምሩ በዚህ አይቆምም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የማይክል ፊሽባክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ባሳተመው ሥራ ኤፒደርሚዲስን በዘረመል ምሕንድስና ለውጦ የቴታነስ መርዝን ቁራጭ እንዲሸከም አደረገው፤ አይጦቹ ቆዳ ላይ ሲቀባ፣ ያለ መርፌና ያለ ሕመም፣ ገዳይ መጠን ያለውን መርዝ የሚቋቋም መከላከያ አፈሩ። ይህ ከችፌ ያለፈ፣ ቆዳን የክትባት በር ለማድረግ የሚያልም ሥራ ነው። የተመረጠው ባክቴሪያም ሁላችን ላይ ያለ፣ ሁላችንም የለመድነው መሆኑ አስተማማኝ ያስመስለዋል። ያው ኤፒደርሚዲስ ግን በደም ሥር ቱቦ፣ በሰው ሠራሽ የልብ በርና መገጣጠሚያ ላይ ተጣብቆ ወደ ደም ከሚዘልቁት ባክቴሪያዎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የተለወጠው ባክቴሪያ ከተቀባው ሰው ወደ ታመመ ሰው፣ ወይም እትብቱ ወዳልደረቀ ጨቅላ ሲተላለፍ ምን ይሆናል የሚለውን የአይጡ ሙከራ አይመልስም። የ502ኤ መዝገብ የተዘጋው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነበር።